ፀሐይና ምች

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ሥራ በመሩበት በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» አገር ተብላ ለዓለም ተዋወቀች። መፈክሩ ሐሰት አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ቡራዩ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥርም የአልትራቫዮሌት ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይበረታል። ሆኖም በ1973 ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ጎራን ስተርኪ ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ስለሚታየው ጽኑ ሪኬትስ፣ ማለትም የሕፃን አጥንት ለስልሶ ስለሚጣመምበት በሽታ ነበር።

ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ ያጣ ሕፃን ከየት መጣ?

መልሱ ከሰማዩ ሳይሆን ከቤቱ ውስጥ ነው። አጥንት የሚጠነክርበትን ቫይታሚን ዲ ሰውነት የሚያዘጋጀው ጨረሩ እርቃን ቆዳን ሲነካ ነው። የእናት ጡት በሌላው ሁሉ የተሟላ ምግብ ቢሆንም ይህ ቫይታሚን በውስጡ እጅግ ጥቂት ነው። በደጋው ልማድ ግን አራስና ጨቅላ ከደጅ ይጠበቃሉ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ብዙዎች ፀሐይ አያዩም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ነው የሚወጣው። ከዓይን ይልቅ የሚፈራው ደግሞ ምች ነው። ፀሐይ በድንገት መታችው የተባለ ሰው ሲያተኩሰው፣ ራሱን ሲያመው፣ ከንፈሩ ሲቆስል «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማ ከሴም ይጨመቅለታል። ይህን ልማድ በድንቁርና ብቻ መፈረጅ ፍትሐዊ አይደለም። ክትባት ባልነበረበት ዘመን ጨቅላን ከሰው ብዛት ማራቅ ብዙ ሕይወት ሳያድን አልቀረም። ዕዳው የተከፈለው በሌላ በኩል ነው።

የዕዳውን መጠን ያሳዩት ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት፣ ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210፣ ካልታመሙት ግን 20 ብቻ ሪኬትስ ተገኘባቸው። ሌሎች ምክንያቶች ተመዝነው ከተለዩ በኋላም ሪኬትስ ባለበት ሕፃን ላይ የበሽታው ዕድል ከ13 እጥፍ በላይ ነበር። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን አያቆምም፤ የዛለ ጡንቻም አክታን ስሎ አያወጣም። ከምች የተሸሸገው ልጅ በሳንባ ምች ተያዘ ማለት ነው።

ይህ ዕዳ የደጋው ብቻ አልነበረም። በ1822 ፖላንዳዊው ሐኪም ስኒያዴትስኪ የዋርሶ ከተማ ልጆች በሪኬትስ ሲሠቃዩ የአካባቢው ገጠር ልጆች እንደማይነካቸው አስተውሎ ፀሐይን አዘዘ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በ1919 ኹልድሺንስኪ በርሊን ውስጥ የታመሙ ሕፃናትን በሜርኩሪ መብራት ጨረር ፈወሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ያስገርማል። ቀድሞ ነጣ ያለ ገላ የእመቤት፣ የጠቆረ ገላ የገበሬ ምልክት በነበረበት አውሮፓ፣ ሠራተኛው ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ ጠይምነት የዕረፍትና የሀብት ምልክት ሆነ። እኛ ዘንድ ጃንጥላ የሹመት ምልክት፣ «ቀይ» መባልም ምስጋና ሆኖ ሲቆይ፣ እነርሱ ለመጥቆር ገንዘብ ከፍለው በመብራት ሥር ተኙ። በ2009 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እነዚህን የማጥቆሪያ መሣሪያዎች ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ከመጀመሪያው ምድብ አስገባቸው፤ ብራዚልም በዚያው ዓመት ከለከለቻቸው።

ጥቁር ቆዳ ከዚህ አደጋ በእጅጉ ይጠበቃል፤ ዋጋው ግን ቫይታሚኑን ለማዘጋጀት ረዘም ያለ ጊዜ መፈለጉ ነው። ጥበቃው ለሁሉም እኩል አይደለም። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ቆዳውን የሚከልል ቀለም ስለሌለው፣ ለወንድሙ መድኃኒት የሆነችው ፀሐይ ለእርሱ በወጣትነቱ የቆዳ ካንሰር ልታመጣ ትችላለች፤ ባርኔጣ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና ጥላ ለእርሱ ቅንጦት አይደሉም። ለዓይን ግን ማንም ከአደጋው ነጻ አይደለም፤ የዓመታት ጨረር ለዓይን ሞራ ይዳርጋል።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የምትተዳደረው ቡራዩ፣ እንደ ሰበታና ሱሉልታ ሁሉ፣ ከገጠር የመጣ ሕዝብ በኪራይ ክፍል የሰፈረባት ናት። በ2015 በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት ከከተማዎቹ ከመቶ 60 በላይ፣ ከገጠሮቹ ግን 20 ገደማ ብቻ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ የስኒያዴትስኪ ዋርሶ አዳማ ላይ ተደገመ ማለት ይቻላል። በገጠር ልጁ ከብት ሲጠብቅ የሚያገኘውን ፀሐይ፣ በኪራይ ግቢ ውስጥ ግድግዳና የታጠበ ልብስ ይሻሙታል። መስኮቱን ከፍቶ ማስገባት እንጂ በመስታወት በኩል ማሞቅም አይበጅም፤ ጠቃሚው ጨረር መስታወት አያልፍም። እናቶች የሚመርጡት የ1 ሰዓት ለጋ ፀሐይም ደስ ያሰኛል እንጂ ብዙ አይሠራም፤ ጨረሩ ገና ሰያፍ ነው። ከረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ የሕፃኑ እጅና እግር ተገልጦ፣ ዓይኑ ከቀጥታ ብርሃን ተከልሎ ጥቂት ደቂቃ መሞቅ ይበቃል።