ወንዶች ጥጥ የሚፈትሉበት መንደር

ዙምራ ኑሩ ማኅበር ከመመሥረታቸው ከብዙ ዓመት በፊት በእናታቸው ድካም የተቆጡ ልጅ ነበሩ። እናትና አባት እርሻ አብረው ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ አባት አረፍ ይላሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ የባላቸውን እግር ያጥባሉ። ራት ከዘገየ ስድብና ዱላ ይከተላል። ልጁ ለምን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ጥያቄ ወለደ፦ የደከመ ሽማግሌ ጧሪ የሚያጣው ለምንድን ነው? አንድ ፈጣሪ አለን የሚሉ ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላው ለምንድን ነው? ቤተሰቡ አብዷል አላቸው። ገና በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ዞሩ፤ በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ገበሬዎች ጋር አውራ አምባን መሠረቱ።

መንደሩ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጎንደሩ መንገድ ወረታ ተደርሶ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል።

ይህን የምጽፈው እኔ በሹም አቦ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገባችን ቀብር የቀረ እንደሚቀጣ፣ መዋጮ ያዘገየም እንደሚቀጣ ይናገራል። ድንኳን ተካዩ ወንድ፣ ወጥ ሠሪዋ ሴት እንድትሆን ግን የትም አልጻፍንም። ሳይጻፍ ይሠራል፤ የጻፍነውን ለማስከበር ስንጨቃጨቅ ያልጻፍነውን የሚተላለፍ የለም። ሰው ከእናቱ ጓዳ ይዞት የመጣውን ነው ማኅበር ውስጥ የሚያኖረው። ዙምራ የነኩት ይህንኑ ጓዳ ስለሆነ ሥራቸውን ከብዙ ሹማምንት አዋጅ አስበልጬ አያለሁ።

ዋጋው ከባድ ነበር። ጎረቤቶች የማኅበሩን አባላት ጠሏቸው፣ ከሰሷቸው፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ አገር ለቀው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። መንግሥት ተለውጦ ሲመለሱ የቀራቸው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ሆነ። ያን ሁሉ ሰው በእርሻ ማኖር ስለማይቻል ሽመናን ያዙ። በአገራችን ሸማኔ ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው፤ መፈተል ደግሞ የሴት ብቻ ነበር። አውራ አምባ ግን ወንዱ እንዝርት ያሾራል፣ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ ከሸማ ዕቃው ትቀመጣለች፣ እርፍ ትጨብጣለች። ሥራ የሚመደበው በችሎታ ነው።

እምነቱ በመሥራቹ ልብ ብቻ ቢቀር ኖሮ ከእሳቸው ጋር ያረጅ ነበር። ለየጉዳዩ ኮሚቴ አቆሙለት፤ ሥራ የሚደለድል፣ እንግዳ የሚቀበል፣ ሕሙማንን የሚጠይቅ፣ የወደቀ ዕቃ ለባለቤቱ የሚመልስ ሳይቀር አለ። ጧሪ ያጡ አረጋውያን በአንድ ቤት ይጦራሉ። ከሳምንቱ አንዱ ቀን የሚሠራው ለችግረኞች ነው።

አውራ አምባ ውስጥ ሠርግ አይደገስም። ሰው ሲሞትም ጥቂቶች ቀብረው ይመለሳሉ፤ ሌላው ሥራ ላይ ይውላል። ይህን መቀበል ይከብደኛል፤ ለቀስተኛ የሞላበት ድንኳን ስንቱን ሐዘንተኛ እንዳቆመ አይቻለሁ። ምክንያታቸውን ግን መመለስ አልቻልኩም፦ ለሰው መድረስ በሕይወት ሳለ ነው ይላሉ። ከእድራችን ሣጥን ለታመመ አባል የመድኃኒት መግዣ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ጉባኤው ሁለት ተከፍሎ እየተከራከረበት ነው።