መጻሕፍትን የመዘገቡ ሰዎች መታሰቢያ

በጥንት የብራና መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ አዘውትሮ የሚገኝ አንድ ልመና አለ። ጸሐፊው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የራሱንና የአስጻፊውን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም በዘመኑ የነገሠውን ንጉሥና የተሾመውን ጳጳስ ስም አስፍሮ፣ ያነበበ ሁሉ በጸሎት እንዲያስበው ይማጠናል። መጽሐፉ ሲወረስ ወይም ሲሸጥ ደግሞ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን በቦታው ያስገባል። ካታሎግ የሚሠራ ሰው እንግዲህ የመጽሐፉን አርእስትና የቅጠሉን ብዛት ብቻ መዝግቦ አያልፍም። የተፋቀውን ስም ሳይቀር ወደ ብርሃን አዙሮ ለማንበብ ይጥራል። የርሱ የራሱ ስም ግን በካርዱ ላይ አይጻፍም።

ከ2010 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ልዩ ሲሆን ይገለጻል) በዚህ ሞያ ታላቅ ድርሻ የነበራቸው አራት ሰዎች አከታትለው ዐርፈዋል። እነርሱም ስታኒስላው ሆይናትስኪ በ2010፣ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ2017፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት በ2019፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በደራሲነታቸው ሰፊ ዝና አግኝተዋል። ይሁን እንጂ አራቱን የሚያገናኛቸው ከድርሰት ይልቅ የመሰብሰብና የመመዝገብ ሥራ ነው። ለመጻሕፍትና ለመዛግብት ባለሞያዎች ሊነገር የሚገባውም ይኸው ወገን ይመስላል፤ በየጋዜጣው የወጡት የሐዘን መግለጫዎች በአመዛኙ በዝምታ አልፈውታልና።

መዝገብ ምን እንደሚፈይድ ከመቅደላ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ስፍራ እጅግ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አምባው ሚያዝያ 13 ቀን 1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ መጻሕፍቱ ከሌላው ምርኮ ጋር ተጋዙ፤ 350 ያህሉም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሙዚየሙ ሊቁን ዊልያም ራይትን አሠርቶ ካታሎጋቸውን በ1877 አሳተመ። ከዚያ በፊት በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በስሙ ጠርተው ጠይቀዋል። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት ቅጂዎች ስለነበሩት አንዱን መለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ማድረግ የቻሉት መጽሐፉን በስም ስለሚያውቁት ነው። ስሙ የማይታወቀውንና በማንም ዝርዝር ያልገባውን መጽሐፍ ግን ማን ብሎ ይጠይቃል? የተወሰደው የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው ደብር እንደወጣ የሚናገረው በኅዳጉ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ኅዳጉን ደግሞ አስቀድሞ ያነበበና የመዘገበ ሰው ያስፈልጋል።

በአገር ውስጥ ይህን ችግር ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር በ1904 ዓ.ም አሳትመው፣ በ1920 ዓ.ም አስፋፍተው አውጥተዋል። ከርሳቸው በኋላ ሥራው ቋሚ ቤት ያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ነው። ያ ቤት በስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሚኒስትሮችና መኳንንት የተገደሉት እዚሁ ነበር። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ በ1963ም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዚያው ሕንፃ ሥራ ጀመረ። ደም የፈሰሰበት ቤት የመጻሕፍትና የሥዕላት ማኖሪያ ሆነ።

ስታኒስላው ሆይናትስኪ ወደዚህ ሥራ የመጡት ከሁሉ ቀድመው ነው። ፖላንዳዊ ናቸው፤ በ1915 ተወልደው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተከፈተበት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ከመሠረቱ አደራጁ። ከመጻሕፍቱ ጎን ለጎን መስቀሎችን፣ በሰሌዳ ላይ የተሣሉ ሥዕላትንና ልዩ ልዩ ቅርሶችን መሰብሰብ ያዙ፤ ይህ ስብስብ በኋላ ለተቋሙ ሙዚየም መሠረት ሆነ። በዚያ ዘመን የቅርስ ነጋዴዎች ሥዕላትን ከየገጠሩ እያመጡ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ይሸጡ ስለነበር፣ ከአገር እንዳይወጡ መግዛቱ እንደ ማዳን ይቆጠር ነበር። ግዢው ራሱ ሻጩን አያበረታታም ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ክርክር አያጣውም። ሆኖም ተገዝቶ በተራ ቁጥር የተመዘገበው ሥዕል ዛሬ በስድስት ኪሎ ይታያል፤ ያልተገዛው በየትኛው ሳሎን እንደተሰቀለ የሚነግር ሰነድ ግን የለም። ሆይናትስኪ ኢትዮጵያን ከለቀቁ በኋላ በካናዳ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዋና ዋና አርእስት የሚናገረውን ትልቅ መጽሐፋቸውን በ1983 አሳተሙ። በ2000 ደግሞ፣ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ የዚያኑ ሙዚየም ሥዕላት ካታሎግ አወጡ። ሰብስበውት ለሄዱት ዕቃ ካታሎጉን ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ መሥራት ብዙ ሰው የሚታደለው አይደለም።

ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት በሩማንያ ተወልደው በእንግሊዝ አገር ያደጉ፣ በኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው። በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም በወመዘክር፣ በኋላም በዩኒቨርሲቲው ሠሩ። በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው፣ በጆን ኬኔዲ ስም የተሰየመው አዲሱ ሕንፃ ሥራ ሲጀምር ያስተዳደሩት እርሳቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ በካታሎግ ክፍል የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ከሞያው ውጪ ላለ ሰው ቀላል ይመስላል። የአውሮፓ የካታሎግ ደንብ ሰውን በቤተ ሰብ ስሙ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ኢትዮጵያዊ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ» ብሎ መመዝገብ ደራሲውን ማጥፋት ነው፤ «ወልደ ሥላሴ» ተለያይቶ የማይጻፍ አንድ ስም ነውና። በአገር ውስጥ ደራሲው በራሱ ስም እንዲገባ ተደርጎ ነገሩ ተቃንቷል። በውጭ አገር ግን ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም ሆኑ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዛሬ በአንዱ ካታሎግ በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው ስም ይገኛሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሌላውን ስም ሲያቃኑ የኖሩት ጌታቸው በየቤተ መጻሕፍቱ በሁለት ስም መኖራቸው ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

የሪታ ዋና የምርምር ሥራ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የመቅደላ ቤተ መጻሕፍት በ1973 በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሞያ እንጂ ሌላ ሰው ሊያስበው የማይችል አካሄድ አለው፤ የተበተነን ቤተ መጻሕፍት በወረቀት ላይ እንደገና ማቆም። ከአብዮቱ በኋላ በ1976 ወደ ለንደን ተመልሰው በሲቲ ኦፍ ለንደን ፖሊቴክኒክ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሲሆኑ፣ የሴቶችን ታሪክ የሚመለከተው የፎሴት ቤተ መጻሕፍት በ1977 ወደዚያ ተዛውሮ በእርሳቸው ጥበቃ ሥር ገባ። አማታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ይህ ባዕድ ሥራ አልነበረም።

ስለ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ብዙ ስለተጻፈ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። ከእናታቸው ከሲልቪያ ጋር በ1956 መጡ፤ ተቋሙ በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ከ1800 እስከ 1935 ያለውን የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ በ1968 አሳተሙ። ከ1976 በኋላ ዐሥር ዓመት ገደማ በእንግሊዝ አገር ቆይተው ተመልሰዋል። በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 ሲመለስ፣ በ2008ም በስፍራው ሲተከል፣ ለዚያ ከደከሙት መካከል ስማቸው በግንባር ይጠራል። ሐውልት ግን ረጅም ነው፤ በሮም አደባባይ ቆሞ የሚታይ ነገር አልመጣም ተብሎ አይካድም። የመቅደላን መጻሕፍት ለማስመለስ ያደረጉት ትግል ከዚህ የከበደ ነበር፤ እዚያ እያንዳንዱን መጽሐፍ በቁጥሩና በገጹ መጥራት ግድ ይላል። ለዚህም የባለቤታቸው የ1973 ጽሑፍ ከማንኛውም አቤቱታ ይበልጥ ሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ እናታቸው በተቀበሩበት ግቢ ዐርፏል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1931 በሸዋ፣ ሸንኮራ ተወለዱ። በካይሮ ነገረ መለኮትና ሌላም ትምህርት ተምረው፣ በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በሴም ቋንቋዎች ጥናት በ1962 የዶክትሬት ማዕርግ አገኙ፤ ተመልሰውም በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ። አብዮቱ እንደፈነዳ በምክር ሸንጎ አባል ሆነው ነበር። በጥቅምት 1975 ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በተነሣው ተኩስ ጥይት አከርካሪያቸውን መታቸውና ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ ለንደን ሄዱ፤ በ1976 በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በምትባል ስፍራ፣ የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ባቋቋሙት የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመሩ።

ሥራው በ1973 የተጀመረ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ከኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍትና በአሜሪካ ከሚገኘው ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ፣ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ ተደረገ። መጽሐፉ ከስፍራው አይወሰድም፤ ፎቶግራፍ ይነሣና ለባለቤቱ ይመለሳል። መንግሥት ተለውጦም ሥራው አልቆመም፤ በመጨረሻው የተነሡት መጻሕፍት ቁጥር ከ9,000 በላይ ሆነ። ከነዚህ መካከል በ1832ኛው ቁጥር የተመዘገበው የሐይቅ እስጢፋኖስ አራቱ ወንጌል ነው፤ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ1280 ገደማ የተጻፈ። እንዲህ ያለው ወንጌል የገዳሙ መዝገብም ስለሆነ፣ የተሰጠውን ስጦታና የገዳሙን ሥርዐት በባዶ ቅጠሎቹ ይዟል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች የጻፉት ጥናት ከዚህ ዓይነት ምንጭ የተቀዳ ነው።

የካታሎጉን የመጀመሪያ ጥራዞች ዊልያም ማኮምበር አዘጋጁ፤ ቀጥሎ ያሉት በጌታቸው ወይም በሁለቱ ኅብረት ወጡ። ጌታቸው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ሳይነሡ፣ በስክሪን ላይ ፊልሙን እያዞሩ፣ እጃቸው ያልዳሰሰውን ብራና ቅጠል በቅጠል አነበቡ። በእርሳቸው እጅ የካታሎግ ገለጻ ወደ ጥናት ያመራል፤ የማይታወቅ ድርሳን ሲያገኙ መነሻና መድረሻውን ይገለብጣሉ፣ በኅዳጉ ያለውን የመሬት ውል ወይም የርስት ክርክር ያወጣሉ። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሳደዱትን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ያቀረቡትም እንዲሁ በንባብ ብዛት ነው፤ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፡ በሕግ አምላክ» የተባለው ትርጉማቸው በ2004 ታተመ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ሲሰጣቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለ ሥራቸው የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከሚወዷት አገር ርቀው መኖራቸው ግዳጅ እንጂ ምርጫ አልነበረም፤ ለአገሪቱ ግን በውስጧ ተቀምጦ ሊሠራ የሚያዳግተውን ሠርተውላታል።

ይህም ሆኖ ማይክሮፊልሙ ሁሉን አላዳረሰም። ከተነሡት አብዛኞቹ የሸዋና የወሎን የመሰሉ አውራጃዎች መጻሕፍት ናቸው፤ ጦርነት ስለነበረ ወደ ሰሜኑ እምብዛም አልተዘለቀም። ከ2009 እስከ 2015 ከሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ አንድ የምርምር ጓድ በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ በዲጂታል ካሜራ መጻሕፍትን መዝግቧል። ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት በትግራይም በአማራም የአድባራት መጻሕፍት ሲዘረፉና ሲጎዱ፣ የጠፋውን በስሙ መጥራት የተቻለው አስቀድሞ የተነሣው ጋ ብቻ ነበር። በሌላው ስፍራ ምስክሩ የቄሰ ገበዙ ትዝታ ነው፤ ቄሰ ገበዙ ከሞቱ ደግሞ እርሱም የለም።

ጌታቸው የደከሙበት የታተመ ካታሎግ ዐሥረኛ ጥራዝ በ1993 ወጥቷል። ከ4,001ኛው ቁጥር ይጀምርና በ5,000ኛው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ከአራት ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ዐሥራ አንደኛ ጥራዝ አላገኙም፤ ገለጻቸው በኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር መዝገብ በየተራው እየገባ ነው።