መጽሐፍ በምን ይኖራል?

«ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት የትኛውን ነው?» የሚል ጥያቄ በቀረበልን ጊዜ፤ በመጀመሪያ የታሰቡን በወጣትነታችን ሌሊት ሳንተኛ ያነበብናቸው ልብ ወለዶች ነበሩ። ዳሩ ግን ነገሩን አጥብቀን ስንመረምረው አሳባችን ወደ ምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፤ ይኸውም ከላላንና የመካነ ሰላምን አካባቢ ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወደሚያዘቀዝቀው አገር ተመለሰ። ይህ አገር ደራሲ አፍርቷል፤ የመጻሕፍትንም መጥፋት በዐይኑ አይቷልና።

የጋስጫ ገዳም የሚገኘው ለከላላ ጎረቤት በሆነው በቦረና ምድር ሲሆን፤ ስሙም ከአባ ጊዮርጊስ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። የዚህን ሊቅ ገድል ባነበብን ቁጥር ልባችንን የሚነካው ሊቅነቱ የተመሰገነበት ክፍል ሳይሆን ትምህርት እንቢ ያለው ጊዜ የተነገረበት ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፤ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብቶ ሲማር ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርቱ አልገባው አለ። እርሱ ግን በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ጸና፤ በመጨረሻም የዕውቀት ጽዋ ጠጥቶ ልቡናው ተከፈተ። እኛም ያስተማርን ሰዎች ነንና፤ አንዱን ተማሪ «ይህስ አይሆንለትም» ብለን ልንተወው ስንዳዳ እነዚያ ሰባት ዓመታት እየታወሱን አፍረናል።

ያ ፊደል የከበደው ልጅ ኋላ አርጋኖንን ደረሰ፤ መጽሐፈ ሰዓታትን አዘጋጀ፤ በ1416 ዓመተ ምሕረትም መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጽሞ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። ከእነዚህ ውስጥ መጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃንን አንድ በአንድ እየጠራ የሚከራከር ጥልቅ መጽሐፍ ስለሆነ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ጀምረን እንዳቋረጥነው ሳንሸሽግ እንናገራለን። አርጋኖን ግን ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ምስጋና ነውና የዕለቱን እያነበቡ ከዓመት እስከ ዓመት አብረውት ሊኖሩ ይቻላል።

ከታሪክ መጻሕፍት ደግሞ ጎን ለጎን አድርገን ማንበብ የምንወዳቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ሲሆን በቤተ ዐምሐራ ስለ ነበረችው ስለ አትሮንሰ ማርያም ሥራ ይተርካል። ሁለተኛው የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው የዐረብ ፈቂህ መጽሐፍ፤ ፉቱሕ አል ሐበሻ ነው። ይህ ጸሐፊ በ1524 ዓመተ ምሕረት የቤተ ዐምሐራ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደ ተቃጠሉ ሲነግረን፤ የሠራዊቱን ድል ለማመስገን የተነሣ ቢሆንም የመካነ ሥላሴን ሕንጻ ውበት ሳያደንቅ አላለፈም። እንግዲህ የሠሪውን ወገንና የአቃጣዩን ወገን አንድ ላይ ያላነበበ ሰው የአገሩን ታሪክ እኩሌታ ብቻ ያውቃል።

ከዚህ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ አብዛኞቹን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ አምባ ያከማቿቸው የብራና መጻሕፍት በ1860 ዓመተ ምሕረት በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ፤ ከእነርሱም ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ለንደን ገቡ። ያገራችን ተማሪ የእነዚህን መጻሕፍት ስም ለማወቅ የውጭ አገር ሊቅ ያዘጋጀውን ዝርዝር መግለጡ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ነገር ግን መጽሐፈ ሰዓታትን እሳቱም ጦሩም አላጠፉትም። ስለ ምን ቢሉ፤ በአንድ ዕቃ ቤት ተቆልፎ አልኖረምና። በየደብሩ እየተገለበጠ፤ ሌሊት ሌሊት በዜማ እየተባለ፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተላልፎ እነሆ ከዛሬ ደረሰ። በዚሁ በወሎ የቁርኣን ደረሳውም በእንጨት ሉሑ ላይ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ የተጻፈው መንዙማም የኖረው በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሰው አንደበት ነው። ስለዚህ የወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም፤ መጽሐፍ በድምፅ ሲነበብ ዕድሜው እንደሚረዝም በሥራ አስመስክረዋል።

ይህን ስንል ብራናው ይናቅ ማለታችን አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ያልተነበበ ከሆነ ደግሞ ጠፍቶም የሚፈልገው የለምና ሁለት ጊዜ ይጠፋል። በየገዳማቱና በየመስጊዱ ያለውን መጽሐፍ መዝግቦ፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማኖር የባለ ሥልጣኑ ተግባር ነው። ከፍቶ ማንበብና ማስነበብ ግን የመምህሩና የተማሪው ፋንታ ነው።

አብልጠን የምንወደውን መጽሐፍ ለጠየቁን ሰዎች መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ ሌሊት ከደጋው ደብር ሲሰማ በልጅነታችን ያደመጥነውን፤ በእጃችን ይዘን ከማንበባችን አስቀድሞ በጆሯችን ያነበብነውን መጽሐፈ ሰዓታትን እንወዳለን። ሰባት ዓመት ሲያለቅስ የኖረው ተማሪ ቢተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልኖረ ነበር።