ድርድርና አስማሚነት በጥብቅና ሥራ

ድርድርና አስማሚነት ጠበቃ የደንበኛውን ጉዳይ በፍርድ ሳይሆን በስምምነት ለመጨረስ የሚጠቀምባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በድርድር ጊዜ ተከራካሪ ወገኖች ወይም ጠበቆቻቸው በቀጥታ ይነጋገራሉ። በአስማሚነት ደግሞ ገለልተኛ የሆነ ሦስተኛ ሰው ውይይቱን ይመራል፤ የመወሰን ሥልጣን ግን የለውም። በዚህም አስገዳጅ ውሳኔ ከሚሰጥበት ከግልግል ዳኝነት ይለያል።

የሕግ መሠረት

በኢትዮጵያ በሽማግሌዎች አማካይነት መታረቅ የቆየ ልማድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3307 ግልግልን (የስምምነት ውልን) ወገኖች አንዳቸው ለሌላው አንዳንድ ነገር በመተው የተነሣን ክርክር የሚያቆሙበት ወይም ወደፊት ሊነሣ የሚችለውን የሚያስቀሩበት ውል አድርጎ ይተረጉመዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች ክሱ በማናቸውም ደረጃ ላይ እያለ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። በ2013 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን ደነገገ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ይመለከታል።

የጠበቃው ሥልጣን

ጉዳዩ የደንበኛው እንጂ የጠበቃው አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ተወካይ ያለ ልዩ ውክልና በስምምነት ክርክር መጨረስ አይችልም። ስለዚህ ጠበቃው ከመደራደሩ በፊት የውክልና ሰነዱን መመርመር፣ የቀረበለትን ሐሳብ ሁሉ ለደንበኛው ማሳወቅ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል።

ጥንቃቄው ያለምክንያት አይደለም። በአንቀጽ 3312 መሠረት የስምምነት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል፤ ወገኖች በተስማሙበት መብት ላይ ተሳስተን ነበር በማለትም ሊቃወሙት አይችሉም። በችኮላ የተፈረመ ስምምነት የደንበኛውን መብት ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

ዝግጅት

ጠበቃው በመጀመሪያ አቋምን ከጥቅም ይለያል። አቋም ደንበኛው «ይህን እፈልጋለሁ» የሚለው ነው፤ ጥቅም ደግሞ የሚፈልግበት ምክንያት ነው። ለምሳሌ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስን ቢጠይቅም ዋናው ፍላጎቱ የሥራ ልምድ ማስረጃና ያልተከፈለ ደመወዙ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስምምነት ባይገኝ የሚከተለው ይሰላል። ለማሳያ ያህል፣ ክሱ 400,000 ብር ቢሆን፣ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ቢሆን፣ እያንዳንዱም ወገን ለክርክሩ 40,000 ብር የሚያወጣና ወጪውን የማያስመልስ ቢሆን፣ ክሱ ለከሳሹ 160,000 ብር ያህል ዋጋ አለው። ተከሳሹ በበኩሉ 240,000 ብር ያህል ያሰጋዋል። በሁለቱ መካከል ያለ ማንኛውም መጠን ለሁለቱም ከክርክሩ ሊሻል ይችላል። ጊዜ፣ የንግድ ግንኙነትና ቤተሰባዊ ዝምድና ግን በዚህ ስሌት ስለማይታዩ ለብቻቸው ይመዘናሉ።

በአስማሚ ፊት

በችሎት ጠበቃው ዳኛውን ለማሳመን ይናገራል፤ በአስማሚ ፊት ግን ማሳመን ያለበት ሌላኛውን ወገን ነው። በመሆኑም ወቀሳ ከማብዛት ይልቅ ማዳመጥና መጠየቅ ይጠቅማል፤ ደንበኛውም ራሱ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። አስማሚው ወገኖችን ለየብቻ ሲያነጋግር ጠበቃው የትኛው መረጃ ለሌላው ወገን እንዲነገር፣ የትኛው በምስጢር እንዲያዝ አስቀድሞ ይገልጻል። ወገኖች እኩል አቅም ከሌላቸው ወይም አንዱ በማስፈራራት ላይ ከሆነ ውይይቱን ማቋረጥ የጠበቃው ግዴታ ሊሆን ይችላል።

ስምምነቱን መጻፍ

የስምምነቱ ጽሑፍ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚፈጽም፣ ባይፈጸም የሚከተለውን፣ እንዲሁም ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ ማስፈር አለበት። ክሱ በፍርድ ቤት ያለ ከሆነ ስምምነቱ ለችሎቱ ቀርቦ ይመዘገባል። «በቅርቡ ይከፈላል» የሚል ቃል የተጻፈበት ስምምነት ግን ያበቃውን ክርክር እንደገና ሊያስነሣ ይችላል።