እንጨት ተጠርቦ፣ ብረት ተጠምዝዞ

ጉርድ ሾላ የምኖር ጡረተኛ የአውሮፕላን ሜካኒክ ነኝ። ከቦሌ የሚነሳውን በድምፁ እለየዋለሁ፦ ጄቱ ያፏጫል፣ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ያጉረመርማል።

ፕሮፔለር አገራችን የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25ን እያበረረ ሲመጣ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ፕሮፔለር ከእንጨት ይጠረብ ነበር። ጥበቡ ጠመዝማዛነቱ ላይ ነው። የፕሮፔለሩ ብሌድ ሲዞር ሥሩ ትንሽ ክብ፣ ጫፉ በዚያው ቅጽበት ሰፊ ክብ ይጨርሳል። ጫፉ ፈጣን ስለሆነ ዘንበል ማለት ያለበት በጥቂቱ ነው፤ ሥሩ ግን በጣም ይዘነብላል። ዝርግ ቢሆን ግማሹ አየሩን በከንቱ ይመታል።

የእንጨቱ ድክመት አንግሉ የማይለወጥ መሆኑ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ወደ ካይሮ የጀመረበት ሲ-47 ይህን አልፎታል፦ በዘይት ግፊት የብሌዶቹ አንግል በበረራ ላይ ይቀየራል። የመኪና ማርሽ እንደማለት ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ ፈጠራ በሙያዬ አላየሁም።

የኪው 400 እያንዳንዱ ፕሮፔለር ስድስት ብሌዶች አሉት፤ ሲነሳ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ፣ የሲ-47ቱ ሦስት ብሌዶች ግን 1,500 ያህል። ጫፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ጉልበቱ ጩኸት ሆኖ ይባክናልና፣ ብሌድ ጨምሮ ቀስ ማለት ይሻላል።

በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር እዚሁ የሠራት «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን በጥር 2016 ከጣሊያን ተመልሳለች። የማየት ዕድል ካገኛችሁ ከክንፏ በፊት አፍንጫዋ ላይ ያለውን ፕሮፔለር ተመልከቱ።