የመስታወቱ አዳራሽና የፎገራ መንገድ

የአንድን ዘመን የቤት ውስጥ ጌጥ የሚመረምር ሰው ዐይኑን በግድግዳው ላይ ብቻ ካሳረፈ ታሪኩን በግማሹ አነበበ ማለት ነው። ግድግዳው የባለቤቱን ስም ይናገራል። ምንጣፉ፣ አልጋው፣ መስታወቱና ጣሪያው ግን ሌላ ታሪክ አላቸው፤ ከየት እንደ መጡ፣ በማን ጫንቃ እንደ ተጓዙ፣ በማን እጅ እንደ ተቀረጹ፣ በመጨረሻም ለማን እንደ ተዘረጉ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። የጎንደር ቤተ መንግሥታት ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው በድንጋዩና በኖራው ነው። በውስጣቸው የነበረው ዕቃና ጌጥ፣ ያም ዕቃ የተጓዘበት መንገድ፣ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ከዚያ መንገድ አንዱ በፎገራ ሜዳ ያልፍ ነበር። ፎገራ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ያጋዙትን ጥቁር አፈር እያለበሱት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ክረምት ሲበረታ ወንዞቹ ከአፋቸው ይወጣሉ፤ ሜዳውም ከሐይቁ ጋር አንድ ይመስላል። ወረታ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደብረ ታቦርና ከወልድያ ከሚመጣው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ይሁን እንጂ መንገደኛ በዚህ ሜዳ ማለፍ የጀመረው መኪና ከመምጣቱ ከብዙ ምዕተ ዓመታት በፊት ነው። ከእናርያና ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀናው የሲራራ ንግድ ከዋና ዋና መስመሮቹ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ፣ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ተከትሎ፣ በቆራጣ፣ በደሪጣና በይፋግ ገበያዎች በኩል ወደ እንፍራንዝ ይዘልቅ ነበር። በቅሎዎቹ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ይጭኑ ነበር። ከበቅሎዎቹ ኋላ በእግራቸው የሚነዱ ባሮችም ነበሩ። የቤተ መንግሥቱን ውበት የሚያደንቅ ጸሐፊ ይህን የመጨረሻውን ሐቅ ከዘለለ ታሪክ ጻፈ አይባልም።

ነገሥታቱ ራሳቸው ወደዚህ አካባቢ የመጡት ከጎንደር መቆርቆር በፊት ነው። ከሜዳው በስተሰሜን በእንፍራንዝ አጠገብ ከፍታ ላይ ቆሞ ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597) ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ እ.ኤ.አ. በ1614 ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ለዐፄ ሱስንዮስ ባለ ፎቅ ቤት ሲያሠራ፣ ለጠራቢዎቹና ለአናጢዎቹ የሚሆነውን መሣሪያ ጭምር ራሱ አሠርቶ ነበር። የኖራውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1621 ገደማ ከህንድ የመጣ ሰው መሆኑን በዘመኑ የነበሩ ሚሲዮናውያን ጽፈዋል። እንግዲህ ከመሠረቱ ጀምሮ የጣና ዙሪያ ግንብ የመንገደኞች እጅ ያረፈበት ነው። እንግዳው መላ ያመጣል፤ የአገሬው ሠራተኛ ድንጋዩን ይፈልጣል፣ ይጠርባል፣ ይሸከማል፤ ውሎ አድሮም መላው የራሱ ይሆናል።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረገ በኋላ ይህ ልማድ ከግንቡ አልፎ ወደ ቤቱ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የደረሰው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የንጉሡን ቤት በአድናቆት ሲገልጽ፣ አሠሪው ህንዳዊ ባለሙያ መሆኑን፣ በየክፍሉም ከቱርክና ከህንድ የመጡ ምንጣፎችና መቀመጫዎች መዘርጋታቸውን ዘግቧል። የፋሲለደስና የተከታዮቹ መልእክተኛ የነበረው አርመናዊው ነጋዴ ሖጃ ሙራድ ወደ ህንድ፣ አልፎም እስከ ባታቪያ ድረስ ደጋግሞ ተጉዟል። በዚያ ዘመን መልእክተኛና ነጋዴ የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ደብዳቤ ይዞ የሄደው ዕቃ ይዞ ይመለሳል። የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ሕመም ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴም ንጉሡ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ባሸበረቀ ጉልላት ሥር፣ እግሮቹ ብር በሆኑ አልጋ ላይ ተቀምጦ እንዳየው ጽፏል።

ከሁሉ የሚልቀው ምስክርነት ግን የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የቆየው ከ1770 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. ነው። እርሱ እንደሚተርከው፣ በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755) ከሰምርኔስ የተሰደዱ ግሪኮች ወደ ጎንደር መጡ። ከመካከላቸው የብር ክር ሥራ የተካኑ አንጥረኞች ነበሩ። ንጉሡ በክብር ተቀበላቸው፤ የእልፍኙን ማስጌጥ ለራሳቸው ምርጫ ተወላቸው። እነርሱና እነርሱ ያስተማሯቸው፣ በአገሩ የተወለዱ የግሪክ ባለሙያዎች ልጆች፣ የግድግዳውን ግርጌ እስከ አራት ጫማ ከፍታ በዝሆን ጥርስ ለበጡት። ከዚያ በላይ ከቬኒስ የመጡ መስታወቶችን በወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ እየገጠሙ በሦስት ረድፍ ደረደሩ። ጣሪያውን የሠሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ በልዩ ልዩ ቅርጽ አገጣጠሙት። ብዙ የዓለም ቤተ መንግሥት ያየው ብሩስ የዚያን ጣሪያ ድምቀት ከመስታወቱ አላሳነሰውም። ዛሬ በአፈ ታሪክ ይህ ጌጥ ብዙ ጊዜ ለታላቁ ኢያሱ ግንብ ይሰጣል፤ የብሩስ ጽሑፍ ግን የሚናገረው ስለ ልጅ ልጁ አዳራሽ ነው።

በዚያ አንድ እልፍኝ ሦስት መንገዶች ተገናኝተዋል። መስታወቱ ከባሕር ማዶ በግመልና በበቅሎ መጣ። የዝሆን ጥርሱ ከደቡብና ከምዕራብ ቆላዎች የመጣ ነው፤ የእናርያና የጎጃም ሲራራ የዚህ ሸቀጥ አመላላሽ ነበርና የፎገራን ጭቃ የረገጠች በቅሎ ለዚያ ግድግዳ ድርሻ ሳይኖራት አይቀርም። ሸምበቆው ግን ሩቅ አልሄደም፤ ከአገሩ ውኃ ዳር ተቆርጦ በአገሩ ሰው እጅ ተሠራ። ከሩቅ የመጣውን ከቅርቡ ጋር ማስማማት የቻለው የንጉሡ ሀብት ሳይሆን የባለሙያው ብልሃት ነው። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሆኖም ያ ዘመን ለዚህ ብልሃት ክብር አልነበረውም። መኳንንቱ ንጉሥን የሚመዝኑት በዘመቻ ነበርና፣ ግንብ ማስጌጥና አትክልት ማስተከል የወደደውን ኢያሱን «ትንሹ ኢያሱ» እያሉ ተሳለቁበት፤ ከጎንደር ዙሪያ ያልራቀውን ጉዞውን እንደ ዘመቻ ቆጥሮ የሚያፌዝ ጽሑፍ እንደ ተሰራጨ ብሩስ ያወሳል። ፌዙ ንጉሡን አንገበገበው። እ.ኤ.አ. በ1744 ጦሩን አስከትቶ ወደ ስናር ዘመተ፤ ጦሩም ድል ሆነ። ከነገሥታቱ ጋር ይዘምት የነበረው «ኩርዐተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል በጠላት እጅ ወድቆ ኋላ በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። ያለቀውን የገበሬ ልጅ የተዋጀው የለም። ቤት ማሳመር እንደ ነውር፣ ሰው ማስፈጀት እንደ ጀግንነት በሚቆጠርበት ሥርዓት ውስጥ ኪነ ጥበብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እልፍኙ ፈጽሞ አላለቀም፤ መስታወት ጎደለ። ንጉሡ ሲሞት ባለሙያዎቹ ተረሱ። የዝሆን ጥርስና የቬኒስ መስታወት የገጠሙ እጆች በእጅግ አነስተኛ ዋጋ ኮርቻ፣ ልጓምና ሰይፍ ወደ ማስጌጥ ተመለሱ። ከመስታወቱ ከፊሉ ወደቀ፤ የተረፈው እ.ኤ.አ. በ1771 ከሰርባኩሳ ጦርነት በኋላ፣ ብሩስ ባለበት፣ ተሰበረ። ጌጡን ያጠፋው ጦርነት ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ቆሞ ነበር። ገዢው በሕይወት ሳለ አበበ፤ ሲሞት ተማሪ የሚቀበል የሥራ ቤት፣ ዕቃውን የሚገዛ ሕዝብ፣ ሙያውን የሚያከብር ሥርዓት አልነበረውም። ጣሪያውን ያስዋቡት ቤተ እስራኤሎች ርስት የተነፈጉ፣ ብረት በማቅለጣቸውና ሸክላ በመሥራታቸው በ«ቡዳ» ስም የሚሸሹ ነበሩ። እጃቸው ንጉሡ ራስ በላይ ተዘርግቶ ሳለ እነርሱ ግን ከገበሬው ገበታ ይርቁ ነበር።

በዚያው ዘመን በፎገራ ሜዳ የነበረው የገበሬ ቤት ሌላ ሥርዓት ነበረው። የውስጡ ዕቃ ከደጁ የሚወጣ ነው። መደቡ ከጭቃ ይሠራል፤ አልጋው በእንጨት ቋሚ ላይ በጠፍር ይታታል፤ ምንጣፉ ቁርበትና አጎዛ ነው፤ ሞሰቡና ሰፌዱ ከሣር ይሰፋል። በሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሆነው ደንገል ይበቅላል። የፎገራ ከብት በትልቅነቱና በወተቱ የታወቀ በመሆኑ ጠፍርና ቁርበት አልቸገረም። ይህ ቤት መስታወት አልነበረውም፤ ድህነቱንም ውበት ነው ብሎ ማሞገስ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ጠፍሩ ሲበጠስ የሚጠግነው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ። የንጉሡ እልፍኝ ያጣው ይህንን ነው።

ያም ቢሆን ሳይለወጥ አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በፎገራ የገባው ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ወደ እርሻ ለወጠው፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆነች። ለገበሬው ትልቅ ትርፍ ነው። የግጦሹ ሜዳ ሲጠብ ግን የፎገራ ከብት ቁጥር ቀነሰ፤ የጠፍሩና የቁርበቱ ምንጭም አብሮ ተመናመነ። ከጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤሎችም አብዛኞቹ በ1980ዎቹና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ዕቃ ብቻ ሳይሆን እጅም ይሰደዳል።

መንገዱ በተቃራኒው የተጠናበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ከነወንበርና ጠረጴዛው የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው፤ የመስኮቱን ታላቅ የመስታወት ሥዕል የነደፈው ግን በአውሮፓ እየተዘዋወረ ያንን ጥበብ ያጠናው አፈወርቅ ተክሌ ነበር። መስታወቱ የተሠራው በፈረንሳይ አገር ሥራ ቤት ነው፤ ሐሳቡ የአፍሪካ ነው። በጎንደር እንግዳው መስታወት ይዞ መጣ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሄዶ መስታወቱን በራሱ ቋንቋ አናገረው። አዳራሹ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ሲከፈት ሥዕሉ በቦታው ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠብቀውና የሚያድሰው ተቋም አለው።

እንግዲህ ዛሬ የሆቴል፣ የአዳራሽ ወይም የመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያስጌጥ ባለሙያ በወረታ መንገድ ሲያልፍ፣ ከገበያ ሞሰብ ገዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ሰፊዋ ማን እንደ ሆነች፣ ከማን እንደ ተማረች፣ ሴት ልጇ ሙያውን ትቀበል እንደሆነ፣ የሚከፈላትም ዋጋ ሳምንቷን ያኖራት እንደሆነ መጠየቅ ነው። መምህሩ ይህን ጥያቄ ወደ ክፍሉ፣ የባህል ሠራተኛው ወደ ዕቅዱ ሊያስገባው ይገባል። የኢያሱ እልፍኝ የጎደለው መስታወት ከቬኒስ ሊመጣ ይችል ነበር። ሸምበቆውን የሰነጠቁትን እጆች ግን ከየትም አገር ማስመጣት አይቻልም ነበር፤ በጎንደር ነበሩና፣ መጠበቅ የነበረባቸውም በጎንደር ነበር።