«ሳቹሬሽን» ወይስ ማጥገብ?

ክረምት ሲበረታ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ «መሬቱ ውሃ ጠገበ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የዘነበው ላዩ ላይ ይተኛል።

በየሙዚቃ ስቱዲዮው የሚነገረው «ሳቹሬሽን»ም ሥሩ ላቲን ነው፤ ፍቺውም «የጠገበ» ማለት ነው። በአሮጌ የድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ያለው ቫኪዩም ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲገባበት የሞገዱን ጫፍ ያለዝባል፤ በዋናው ድምፅ ላይም ሃርሞኒኮችን፣ ማለትም የድግግሞሹ ብዜት የሆኑ ድምፆችን፣ ይጨምራል። ጆሮ ይህን ሙቀት ይለዋል። ዛሬ የቲዩቡን ሥራ ኮምፒውተር አስመስሎ ይሠራዋል፤ በንጹሕ ዲጂታል ቅጂ ላይ የአሮጌ መሣሪያ ለዛ ይጨምራል።

አንዳንዱ ቃሉን «መዛባት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ መዛባት ግን ጉድለትን እንጂ ውበትን አያሳይም። «ሙሌት» ዕቃ መሙላትን ብቻ ይነግራል። «ጥጋብ» ደግሞ ትዕቢትን ያስታውሳል።

የገበሬው ግስ ይሻላል፦ ማጥገብ። ባለሙያው «የማሲንቆው ድምፅ ትንሽ ይጥገብ» ቢል፣ የቡሬ አዝማሪም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።